የጓዳ ገመናና የሩቅ ዓይን

ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። ግድግዳና ጣራ ያለው ሁሉ ቤት ቢሆን ኖሮ በረቱም መጋዘኑም ቤት በተባለ ነበር። ቤትን ቤት የሚያሰኘው፥ ሰው ከአደባባዩ ተለይቶ ነጠላውን አውልቆ፥ ፊቱን ሳያሳምርና ቃሉን ሳይመርጥ የሚያርፍበት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀደሙት ሰዎች ቤት ሲሠሩ ሁለት ነገር አብረው አበጁ፤ አንዱ እንግዳ የሚገባበት በር፥ ሁለተኛው እንግዳ የማያልፈው የጓዳ መጋረጃ ነው። በሩ የሰውን ፍቅር፥ መጋረጃው የሰውን ክብር ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ቤት ወይ ንፉግ ነው፥ ወይ ዕራቁቱን የቆመ ነው።

ዛሬ ግን በሩን ሳያንኳኳ፥ መጋረጃውንም ሳይገልጥ የሚገባ እንግዳ መጥቷል። ይኸውም በቤት ውስጥ ተተክሎ የሚያየውን ሁሉ በዚያው ቅጽበት በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ትንሽ ካሜራ ነው። ቁመቱ ከቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም፤ ለመትከልም ከአንድ ምስማር፥ ከኤሌክትሪክና ከኢንተርኔት መስመር በቀር የሚፈልገው የለም። እንዴት እንደሚተከል ለማወቅ የአንድ ቀን ትምህርት ይበቃል። ሊተከል የሚገባው የትና መቼ ነው፥ ፈቃዱንስ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከሙያተኛው ይልቅ የኅሊና ጉዳይ ነውና፥ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ይህንኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን የመሣሪያውን ሥራ እንመልከት። ካሜራው በመስተዋቱ የተቀበለውን ብርሃን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፤ ቁጥሩንም አጭቆ በቤቱ ላለው የኢንተርኔት ማከፋፈያ ያስረክባል። ከዚያ በስልክ ድርጅቱ መስመር ይወጣና ብዙ ጊዜ በባሕር ማዶ ወደሚገኝ የአንድ ኩባንያ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ተመልካቹ ስልክ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው። ምስሉ በሴኮንድ 2 ሜጋ ቢት የሚፈስ ቢሆን በአንድ ሰዓት 900 ሜጋ ባይት፥ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ21 ጊጋ ባይት በላይ ከቤቱ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያህል ነገር በጆንያ ተጭኖ ከአንድ ቤት ቢወጣ ጎረቤት ሁሉ «ወዴት ይሄዳል?» ብሎ በጠየቀ ነበር፤ ብርሃንና ቁጥር ስለ ሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። እናትና ልጅ ሁለቱ ብቻ የሚተያዩ ቢመስላቸውም በመካከላቸው ሦስተኛ ወገን መቆሙን አንባቢ ከወዲሁ ልብ ይበል።

የዚህ መሣሪያ የትውልድ ታሪክ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ ነገሩ የተጀመረው በቡና ነውና። በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ምሁራን፥ ቡና ማፍያው ከብዙዎቹ ክፍል ርቆ ስለነበር ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ባዶ ሆኖ ያገኙት ነበር። በዚህም ተሰላችተው ማፍያው ፊት አንድ ካሜራ ተከሉና እያንዳንዱ በጠረጴዛው እንደ ተቀመጠ ቡና መኖሩን አለመኖሩን ያይ ጀመር። በ1993 እ.ኤ.አ. ይኸው ደብዛዛ ምስል በኢንተርኔት ለመላው ዓለም ተከፈተ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. እስኪዘጋ ድረስም ቡናውን የማይቀምሱ፥ ካምብሪጅንም የማያውቁ ሰዎች ከየአገሩ ሲመለከቱት ኖሩ።

በዚህ ማንም አልተጎዳም፤ ማፍያ ገመና የለውምና። በአምቦ፥ በጉደር ወይም በጊንጪ ግን ቡና ማለት ጀበናው ብቻ አይደለም። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ አንዷ ጎረቤት የትዳሯን ችግር፥ ሌላዋ የልጇን መጥፋት፥ ሦስተኛዋ የዕዳዋን ብዛት ታወራለች። ረከቦቱ ፊት የሚተከል ካሜራ ጀበናውን አያለሁ ብሎ የሴቶቹን ልብ ያያል። የካምብሪጁ ካሜራ ንጹሕ የነበረው ዕቃን ስላየ ነው፤ ያው መሣሪያ ፊቱን ወደ ሰው በመለሰ ጊዜ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ነገሩን በሩቅ ከማየት ይልቅ በአንድ አካባቢ ላይ አቁመን እንመልከተው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ የምትገኝ፥ በፍል ውሃዋና በጠርሙስ በሚታሸገው የማዕድን ውሃዋ የታወቀች፥ በቀድሞ ጊዜም ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራች ከተማ ናት። የእርሷና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ልጆች ዛሬ በአዲስ አበባ፥ በዐረብ አገሮች፥ ይልቁንም በሰሜን አሜሪካ ተበትነው ይኖራሉ። በሚኒሶታና በአምቦ መካከል የ8 ወይም የ9 ሰዓት ልዩነት ስላለ፥ ልጅ በዚያ እራቱን በልቶ ሊያርፍ ሲል እናቱ በዚህ ሊነጋጋ ሲል ይነሣሉ። ይህ ልጅ ያረጁ እናቱ ብቻቸውን እንዳይወድቁ፥ መድኃኒታቸውንም እንዳይረሱ ሠግቶ በቤታቸው ካሜራ ቢያስተክል ማን ይፈርድበታል? ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የተባለውን ተረት ሊያፈርስ የሚሞክር ልጅ ምስጋና እንጂ ነቀፌታ አይገባውም።

የሩቅ ዘመድ ዓይን በእውነት መብት ያለው መሆኑን ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መሰብሰብም ተከለከለ። ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው የወንድሙን ቀብር በስልክ መስተዋት ከማየት የተሻለ መጽናኛ አልነበረውም። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገድሎ ሰኔ 25 ቀን በትውልድ ከተማው ሲቀበር፥ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተቋርጦ ነበር። ቀብሩ በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ሆኖም በባሕር ማዶ ያለው ሰው ሕዝብ ያዘነበትን አደባባይ እያየ የራሱን እናት ፊት በኢንተርኔት ማየት አልቻለም። እንዲህ ያለ ጭንቀት የደረሰበትን ሰው «ካሜራ ክፉ ነው» ብለን ልንመልሰው አንችልም።

እንግዲህ የሩቁ ዓይን መብት ካለው፥ ችግሩ ከወዴት ይመጣል? ችግሩ የሚመጣው ከማየት ሳይሆን ሳይታዩ ከማየት ነው። በባህላችን ወደ ሰው ቤት የሚሄድ ሰው ከበር ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። በዚህች አንዲት ቃል የቤቱ ሰዎች ልብሳቸውን እንዲያስተካክሉ፥ የሚሸሸገውን እንዲሸሽጉ፥ የሚያለቅስም ካለ ዕንባውን እንዲጠርግ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከገባም በኋላ እርሱ ሲያይ እርሱም ይታያል፤ ጫማው፥ ፊቱ፥ ያመጣውና ያላመጣው ሁሉ ይታያል። እንጀራቸውንም ከቆረሰ በኋላ ያየውን ለመሸፈን ዕዳ ይገባዋል። የእንግዳ ዓይን ባለ ዕዳ ዓይን ነው። ካሜራው ግን አይጣራም፥ አይታይም፥ እንጀራም አይቆርስም፤ ስለዚህ ዕዳ የለበትም።

ማየት ተራ ነገር እንዳልሆነ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። መሶብ የሚከደነው፥ ሕፃን የሚሸፈነው፥ የሚበላ ሰውም የሚከለለው የሰው ዓይን ይጎዳል ተብሎ ነው። ይህ እምነት ንጹሓን ባለ እጆችን በሐሰት አስወንጅሎ ብዙ በደል ስላደረሰ እኛ አንደግፈውም። ሆኖም ከገለባው ውስጥ አንድ ፍሬ አለ፤ ይኸውም ማየት ሥራ መሆኑ፥ የሚያይም ሰው ለሚያየው ነገር ኀላፊ መሆኑ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሰፉ የሚባለው ታላቅ ሥርዓትም ሰው ከሰው ጋር፥ ታናሽም ከታላቁ ጋር ሲኖር ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ያስተምራል። በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው የኖኅ ታሪክም እንዲሁ ነው። አባት በድንኳኑ ውስጥ ተገልጦ ተኝቶ ሳለ አንዱ ልጅ አይቶ ወደ ውጭ ወጥቶ አወራ፤ ሁለቱ ግን ልብስ ይዘው ወደ ኋላቸው እየሄዱ ሳያዩ ሸፈኑት። የበደለኛው ልጅ በደል ምን እንደ ነበረ ብንመረምር፥ ያየው በድንገት ሊሆን ይችላል፤ ያየውን ወደ ውጭ ማውጣቱ ግን የራሱ ምርጫ ነበር።

ሳይታዩ ማየት ተመልካቹን ብቻ ሳይሆን የሚታየውንም ሰው ይለውጣል። የእንግሊዙ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም በ1791 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ የወህኒ ቤት ንድፍ አቅርቦ ነበር። እስረኞቹ በክብ ሕንፃ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ በመካከል ያለው ጠባቂ ሁሉንም ያያል፥ እነርሱ ግን አያዩትም። ጠባቂው ሁልጊዜ ባይመለከት እንኳ እስረኛው መቼ እንደሚታይ ስለማያውቅ ሁልጊዜ እንደሚታይ ሆኖ ይኖራል። ይህ ለወህኒ የታሰበ ብልሃት ነው። አሁን የአምቦዋን እናት እናስብ። ልጃቸው ነቅቶ የሚያይበት ሰዓት የእርሳቸው ንጋት ነው። ሊጸልዩ ሲቆሙ ወደ ፈጣሪያቸው ይቆማሉን ወይስ ወደ ካሜራው? ጉልበታቸውን ሲያማቸው ልጃቸው እንዳይጨነቅ ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው ቀጥ ብለው ይሄዳሉን? እንዲህ ከሆነ ልጁ እናቱን አያለሁ ሲል የሚያየው እናቱ ለእርሱ ብለው የሚጫወቱትን ትርኢት ነው፤ እናትም በራሳቸው ቤት እንግዳ ሆነዋል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ክፉ ያልሠራ ሰው መታየትን ለምን ይፈራል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ገመናን ከኃጢአት ጋር ያደባልቃል። መብላት ኃጢአት አይደለም፤ መልበስም፥ ማልቀስም፥ ዕዳን መቁጠርም፥ በሕመም መቃተትም ኃጢአት አይደለም። ሰው እነዚህን የሚሸፍነው ክፉ ስለ ሆኑ ሳይሆን የራሱ ስለ ሆኑ ነው። የሚሸፈነው ሁሉ ነውር ቢሆን ኖሮ መሶቡን ባልከደንነው ነበር።

ስለዚህ ዋናው ነገር ፈቃድ ነው። ፈቃድ ግን እንደሚመስለን ቀላል አይደለም። የቤት ኪራይ፥ የመድኃኒትና የቀለብ ገንዘብ የሚልክ ልጅ «እማዬ፥ ካሜራ ላስተክል?» ሲል እናት «አይሆንም» ለማለት ምን አፍ አላቸው? «እንደ ወደድህ ልጄ» ይላሉ፤ ይህም ቃል ከፈቃድ ይልቅ የይሉኝታ ቃል ነው። ከእርሳቸው በታች ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ አለች። እርሷን የጠየቃት የለም፤ ሥራዋ እንዲታይ ብትፈቅድ እንኳ በማድ ቤት ጥግ የምታርፍባት፥ ፀጉሯን የምትሠራባት ጥቂት ጊዜ በአሠሪዋ ገንዘብ አልተገዛችም። ለቡና የመጣችው ጎረቤትም አልተጠየቀችም። በለቅሶ ድንኳን ደረቷን የምትመታ ሴትም ኀዘኗን ለዘመዶቿ እንጂ ለማታውቃቸው ሺህ ሰዎች አልሰጠችም። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል፤ ስለ ሌላው ግን ሊፈቅድ አይችልም።

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከመግባቱ 5 ዓመት አስቀድሞ፥ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ ቤት እንዳይደፈር፥ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደንግጓል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሲዘረዝር ስመ ጥር ሰዎችንና ባለ ሥልጣኖችን፥ የፍትሕና የፖሊስን ሥራ፥ የሳይንስና የትምህርትን ጥቅም፥ በአደባባይም የተደረጉ ነገሮችን ያነሣል፤ የጎረቤት ቡና ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር አዟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሆኖም እናት ልጃቸውን፥ ሠራተኛም እመቤቷን በሕግ አትከስም። ሕግ ከበሩ ውጭ ይጠብቃል፤ ከበሩ ውስጥ የሚጠብቀው ኅሊና ነው።

ቤታቸውን ለዘመድ ሳይሆን ለገበያ የሚከፍቱም አሉ። በቲክቶክና በመሰል ማሠራጫዎች ፊት ለፊት በቀጥታ እየታዩ ተመልካቹ የሚልከውን ስጦታ ወደ ገንዘብ የሚለውጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሥራ ያጣ ወጣት በድምፁ፥ በቀልዱ፥ በሙያው እንጀራ ቢበላ ነውር የለበትም። በ1996 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ሪንግሊ የተባለች አሜሪካዊት ተማሪ በመኝታ ክፍሏ ካሜራ ተክላ በየ3 ደቂቃው ምስሏን ለዓለም ማሳየት ጀምራ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀጥላ ነበር። ልትነቀፍም ልትመሰገንም ትችል ይሆናል፤ የሰጠችው ግን የራሷን ነበር። የእኛ ጥያቄ የሚነሣው ተመልካች እንዲበዛ ሲባል የታመመ አባት ከአልጋው፥ የሚያለቅስ ሕፃን ከእናቱ ጭን ወደ ገበያ ሲወጣ ነው። ቲክቶክ ራሱ በ2022 እ.ኤ.አ. በቀጥታ የሚያሠራጭ ሰው ዕድሜ ከ18 ዓመት እንዳያንስ ወስኗል። ትርፍን የሚሻ ኩባንያ እንኳ የልጅ ፈቃድ ፈቃድ እንዳልሆነ ከተረዳ፥ ወላጅ ይህን መዘንጋቱ ያሳዝናል።

ከላይ የጠቀስነውንም ሦስተኛ ወገን አንርሳ። ካሜራው ከፋብሪካው ሲወጣ የሚሰጠው የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ ለሁሉም አንድ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ይህን ቃል ሳይለውጡ የተዉ ሰዎች የተከሏቸው በሺህ የሚቆጠሩ ካሜራዎች በአንድ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ተሰብስበው ለማንም ሲታዩ ተገኙ። በመካከላቸው የሕፃናት መኝታ ክፍሎች ነበሩ። ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ የሄደ ሰው ሌባውን ብቻ ሊወቅስ አይችልም።

አሁን እጅግ ከባድ ወደ ሆነው ጥያቄ ደረስን። እናት ካሜራውን እንዲያጠፉ ቢፈቀድላቸውና ያጠፉ ዕለት ቢወድቁስ? ይህ የማይሆን ነገር ነው ብለን አንባቢን አናታልልም፤ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት የመሩ፥ ልጅ አሳድገው ባሕር ያሻገሩ ሴት፥ አእምሯቸው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ የትኛውን አደጋ ተሸክመው እንደሚኖሩ የመምረጥ መብት አላቸው ብለን እናምናለን። ደኅንነት ታላቅ ነገር ነው፤ ሰውን ከቤቱ ባለቤትነት የሚሽር ደኅንነት ግን ዋጋው በዝቷል። የመርሳት ሕመም ይዟቸው ምርጫ ማድረግ ካልቻሉ ልጆቻቸው ስለ እነርሱ ይወስኑ፤ ያን ጊዜም እንደ ሁለቱ የኖኅ ልጆች ይሁኑ፤ ለመጠበቅ የሚበቃውን ያህል ይዩ፥ ከዚያ የተረፈውን ይሸፍኑ፥ ያዩትንም ወደ ውጭ አያውጡ።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ነው። ካሜራ ካስፈለገ በግቢው በር ወይም በሳሎን ይተከል እንጂ ወደ ጓዳና ወደ መኝታ ቤት አይለፍ። የይለፍ ቃሉ በተተከለበት ዕለት ይለወጥ። በአጠገቡ አንዲት ጨርቅ ትቀመጥ፤ ጨርቁን የመጣልና የማንሣት ሥልጣንም የሩቁ ልጅ ሳይሆን የቤቱ ሰው ይሁን። ሠራተኛዋም ጎረቤቷም መሣሪያው መኖሩን ይወቁ፤ ቡና ሲፈላ ይከደን። ከሁሉ ይልቅ፥ የሚቻል ሲሆን፥ በአንድ ወገን ብቻ ከሚያይ ካሜራ ፈንታ ሁለት ወገን የሚያይበት የስልክ ጥሪ ይመረጥ። ልጅ እናቱን በሚያይበት ሰዓት እናትም የልጃቸውን ፊት ይዩ፤ መክሳቱን፥ መድከሙን፥ ግድግዳው ባዶ መሆኑን ይመልከቱ፤ እርሳቸውም «ምነው ከሳህብኝ?» ለማለት ይብቁ።

ማየት ከፍቅር የሚመጣ ከሆነ ለመታየት አይፈራም። እናቱን ለማየት የሚወድ ልጅ በሩቅም ሆኖ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራ፤ መልስ እስኪመጣም ከበር ይቁም። ሲፈቀድለት ይገባል፤ ሳይፈቀድለት ሲቀርም እናቱ ዛሬም የቤታቸው እመቤት መሆናቸውን አውቆ ደስ ይበለው።